እጄ የቆመባቸው ሰከንዶች

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኬን በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አስደግፌ ሩቢክስ ኪዩብ የሚባለውን፣ የተዘበራረቁ ቀለሞቹን እያዞሩ እያንዳንዱን ገጽ አንድ ቀለም የሚያደርጉበትን እንቆቅልሽ ስፈታ ራሴን በቪዲዮ ቀረጽኩ። ኪዩቡን የምፈታበት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በታች ከወረደ በኋላ ለወራት አልቀንስ ብሎኝ ስለ ነበር፣ ችግሩ የጣቶቼ መዘግየት ነው ብዬ ደምድሜ በየምሽቱ አንዱን እንቅስቃሴ መቶ ጊዜ እየደጋገምኩ ጣቶቼን ሳለማምድ ቆይቻለሁ። የዚያን ቀን ኪዩቡን የፈታሁት በ58 ሰከንድ ነው። ቪዲዮውን በዝግታ እያስኬድኩ እጄ የተንቀሳቀሰበትንና የቆመበትን ጊዜ በወረቀት ላይ ለየብቻ ስመዘግብ ግን ያልጠበቅኩትን ነገር አገኘሁ። ከ58ቱ ሰከንዶች ውስጥ ኪዩቡን ሳዞር ያሳለፍኩት 27ቱን ብቻ ነበር። በቀሩት 31 ሰከንዶች ኪዩቡ እጄ ላይ ሆኖ፣ እኔም አፍጥጬ እያየሁት፣ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። የሚቀጥለውን ቁራጭ እየፈለግኩ ነበር።

እነዚያ 31 ሰከንዶች ከየት እንደ መጡና እንዴት እንደ ቀነሱ ለማስረዳት ከመነሻው መጀመር ይኖርብኛል።

ኪዩብ በቤታችን የገባው በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነው። ያኔ 11 ዓመቱ የነበረው የእህቴ ልጅ እኛ ዘንድ ሲቆይ እናቱ ከመርካቶ የገዛችለትን ኪዩብ ይዞ መጣ። ኪዩቡ ሲዞር የሚንገጫገጭ፣ የተለጠፉት ባለ ቀለም ወረቀቶች ዳር ዳራቸው የተላጠ፣ በጣም ርካሽ ዕቃ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ይህ ነገር በሒሳብ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ሰዎች የተፈጠረ ነው ብዬ አምን ስለ ነበር፣ ልጁ ፊቴ ቁጭ ብሎ ስድስቱንም ገጽ ሲያስተካክል ማመን አቃተኝ። አስተምረኝ አልኩት። መጀመሪያ የነገረኝን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ «አጎቴ፣ ቀለሙን አትመልከት፤ ቁራጩን ተመልከት።»

የዚህን አባባል ትርጉም ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በኪዩቡ ላይ 54 ባለ ቀለም ካሬዎች ይታያሉ፤ ጀማሪ ሰው ስለዚህ 54 ነገሮችን ማስተካከል ያለበት ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የሚታዩት ቁራጮች 26 ብቻ ናቸው። ስድስቱ በየገጹ መሃል የተቀመጡ ባለ አንድ ቀለም ቁራጮች ሲሆኑ፣ አሥራ ሁለቱ ሁለት ሁለት ቀለም ያላቸው ጠርዞች፣ ስምንቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ቀለም ያላቸው ማዕዘኖች ናቸው። መሃሎቹ በያሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ እርስ በርሳቸው ቦታ አይለዋወጡም፤ በተለመደው ኪዩብ ነጭ ምንጊዜም ከቢጫ ትይዩ ነው፣ ሰማያዊ ከአረንጓዴ ትይዩ ነው፣ ቀይም ከብርቱካናማ ትይዩ ነው። ስለዚህ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ያለበት ማዕዘን በዚህ ዓለም ላይ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሦስቱ መሃሎች የሚገናኙበት ጥግ ነው። እኔ ከዚያ በፊት አንዱን ገጽ ሙሉ በሙሉ ነጭ አድርጌ ደስ ሲለኝ፣ በጎንና በጎኑ ያሉት ቀለሞች የተዘበራረቁ መሆናቸውን ከቁም ነገር አልቆጥርም ነበር። ነጩ ገጽ ሞልቶ ሳለ ከነጮቹ ቁራጮች አንዱ እንኳ በቤቱ ላይሆን እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው።

ኪዩቡን የፈጠረው ኤርኖ ሩቢክም ይህን ግራ መጋባት አይቶታል። ሩቢክ በቡዳፔስት ከተማ የሥነ ሕንፃና የውስጥ ንድፍ መምህር የነበረ ሃንጋሪያዊ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ኪዩብ በእ.ኤ.አ. 1974 ከእንጨት ሠራ። መነሻው አሻንጉሊት መሥራት ሳይሆን ሳይበታተኑ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞሩ ቁራጮችን አንድ ላይ ማያያዝ ይቻል እንደ ሆነ መመርመር ነበር። ገጾቹን ቀለም ቀብቶ ጥቂት ካዞራቸው በኋላ ወደ ነበሩበት ለመመለስ ሲሞክር መንገዱ ጠፋበት፤ የራሱን የእጅ ሥራ ለመፍታትም አንድ ወር ያህል ወስዶበታል። ይህን ታሪክ የምወደው ለጀማሪ ትልቅ ማጽናኛ ስለ ሆነ ነው፤ የሚያስተምረው ሰው፣ የሚያየው ቪዲዮ፣ የሚጠይቀው የእህት ልጅ ያልነበረው ሰው አንድ ወር ከፈጀበት፣ እኔ ያሳለፍኳቸው ሁለት ሳምንታት ብዙ አይደሉም።

መንገዱ የሚጠፋበት ምክንያት በቁጥር ሲገለጽ የበለጠ ይገባል። ኪዩቡ ሊይዛቸው የሚችላቸው የተለያዩ ሁኔታዎች ብዛት 43,252,003,274,489,856,000 ነው። ይህን ቁጥር በቃል ማንበብ ብቻ ምንም ስሜት ስለማይሰጥ እኔ በሰከንድ አስልቼዋለሁ፦ አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ አዲስ ሁኔታ ቢያይ ሁሉንም አይቶ ለመጨረስ ከ1.3 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሳይንቲስቶች ከሚገምቱት የዩኒቨርስ ዕድሜ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በእ.ኤ.አ. 2010 ጥቂት ተመራማሪዎች፣ ጉግል በለገሳቸው የኮምፒዩተር ጊዜ ታግዘው፣ የትኛውም የተዘበራረቀ ኪዩብ ቢበዛ በ20 ዙር ሊፈታ እንደሚችል አረጋገጡ። እርግጥ ነው፣ ያንን አጭር መንገድ የሚያገኘው ኮምፒዩተር እንጂ ሰው አይደለም። እኛ የምንሄደው ረዘም ያለውን፣ ነገር ግን በየደረጃው የሚታወቀውን መንገድ ነው።

የጀማሪው መንገድ ኪዩቡን እንደ ሕንፃ ደርብ በደርብ መሥራት ነው። መጀመሪያ የምድር ቤቱ፣ ቀጥሎ መካከለኛው ደርብ፣ በመጨረሻም ጣራው ይስተካከላል። እያንዳንዱ ደርብ ሲሠራ ከታች የተሠራው እንዳይፈርስ የሚያደርጉ፣ በትምህርቱ ቋንቋ አልጎሪዝም የሚባሉ የዙር ቅደም ተከተሎች አሉ። ቪዲዮዎቹ እነዚህን የሚጽፏቸው በላቲን ፊደላት ነው፤ እኔ ግን ፊደሎቹ ከእጄ ጋር ሊገናኙልኝ ስላልቻሉ በአማርኛ ሌላ ስም አወጣሁላቸው። የቀኙ ገጽ ከፊት ወደ ላይ ሲዞር «ውጣ»፣ ወደ ታች ሲመለስ «ውረድ»፣ የጣራው ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ወደ ግራ ሲሄድ «ግራ»፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ «ቀኝ» አልኩት። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ዓለም በጣም የታወቀው ባለ አራት ዙር ቅደም ተከተል በእኔ ቤት «ውጣ፣ ግራ፣ ውረድ፣ ቀኝ» ሆነ። ይህ አራት ቃል በተስተካከለ ኪዩብ ላይ ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ኪዩቡን አዘበራርቆ አዘበራርቆ በመጨረሻው ዙር ወደ ተስተካከለበት ይመልሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ስሞክር፣ በአምስተኛው ድግግሞሽ ላይ ኪዩቡን ያበላሸሁት መስሎኝ ልተወው ስል ልጁ «አንድ ቀረህ» አለኝ። ስድስተኛውን ስጨርስ ሁሉም ቀለም በየቦታው ተመለሰ። ሌላው የምወደው ደግሞ የጣራውን ቢጫ መስቀል፣ ማለትም መሃሉንና በዙሪያው ያሉትን አራት ጠርዞች፣ ሳያፈርስ ማዕዘኖቹን የሚያዞረው ነው፤ «ውጣ፣ ግራ፣ ውረድ፣ ግራ፣ ውጣ፣ ግራ ግራ፣ ውረድ።» ይህን ቡና ሲፈላ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ በየሰበቡ እያዜምኩ ስለ ነበር ኪዩብ ነክታ የማታውቀው ባለቤቴ እንኳ በቃሏ ታውቀዋለች።

በእነዚያ ወራት የደረሰ አንድ አጋጣሚ የኪዩቡን ተፈጥሮ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ አስረዳኝ። አንድ ቀን ኪዩቡ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ተበተነ። ቁራጮቹ ከሶፋ ሥር፣ ከምንጣፍ ሥር እየተለቀሙ፣ እኔ እንደ መጣልኝ ገጣጥሜ አስቀመጥኩት። ማታ ልፈታው ስሞክር እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉ ነገር ሰመረልኝ፤ ከዚያ ግን ሌላው ሁሉ በቤቱ ሆኖ አንዲት ጠርዝ ብቻ ተገልብጣ ቀረች። ቢጫዋ በጎን፣ ቀይዋ በጣራ ላይ። ዳግመኛ አዘበራረቅኩት፤ ዳግመኛ ፈታሁት፤ ያችው ተገልብጣ መጣች። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስህተቱን በራሴ ላይ ስፈልግ ቆየሁ። በማግስቱ ልጁ አይቶት «እሷ ብቻዋን ልትገለበጥ አትችልም፤ ስትገጥመው ነው የተሳሳተው» ብሎ ጠርዟን በጣቱ ነቅሎ፣ ገልብጦ መለሳት። በኋላ እንደ ተረዳሁት በኪዩብ ላይ አንድ ጠርዝ ለብቻው አይገለበጥም፣ አንድ ማዕዘን ለብቻው አይዞርም፣ ሁለት ቁራጮችም ሌላውን ሳይነኩ ብቻቸውን ቦታ አይለዋወጡም። በዚህ ምክንያት የተበተነ ኪዩብ በዘፈቀደ ቢገጣጠም በዙር ብቻ ሊፈታ የሚችልበት ዕድል ከ12 አንድ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ፣ በተለይም ወንድም ወይም እህት ወረቀቱን ልጠው የለጠፉበትን ኪዩብ የያዘ ልጅ፣ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ይችላል። የሚያውቁትን ልጅ እንደዚያ ሆኖ ካገኙት እባክዎ ኪዩቡን ነቅለው፣ ወይም ወረቀቱን ወደ ቦታው መልሰው፣ አስተካክለው ይስጡት።

ደርብ በደርብ የሚሠራው መንገድ ወደ አንድ ደቂቃ ከግማሽ ካደረሰኝ በኋላ ፈጣኖቹ የሚሠሩበትን ዘዴ ለመማር ወሰንኩ። ይህ ዘዴ ከሁሉ በላይ ከጄሲካ ፍሪድሪክ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ፍሪድሪክ በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ የተወለደች፣ በእ.ኤ.አ. 1982 በቡዳፔስት በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ላይ የተወዳደረች፣ በኋላም በአሜሪካ ቢንጋምተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነች ሴት ናት። ከዘዴው ክፍሎች አንዳንዶቹን ሌሎች ሰዎችም አግኝተዋቸዋል፤ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ በኢንተርኔት ላይ በዝርዝር አስቀምጣ ለዓለም ያዳረሰችው ግን እርሷ ናት። አራት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ከታች መስቀል ይሠራል። ቀጥሎ አንድ ማዕዘንና አንድ ጠርዝ ጥንድ እየሆኑ አራቱ ጥግ ውስጥ ሲገቡ የታችኛውና የመካከለኛው ደርብ በአንድነት ይጠናቀቃሉ። ከዚያ ጣራው በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። በመጨረሻም የጣራው ቁራጮች ወደየቤታቸው ይዛወራሉ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲደግመው አያለሁ። ለሦስተኛው ደረጃ 57፣ ለአራተኛው 21፣ በድምሩ 78 አልጎሪዝሞች አሉ። እኔም ፍጥነት ማለት ብዙ አልጎሪዝም ማወቅ ነው ብዬ፣ በደብተር ገልብጬ፣ አምስት ወር ሙሉ እነርሱን ስሸመድድ ከረምኩ። ሰዓቴ በስንት ቀነሰ? በአራት ሰከንድ። ሁለቱን የመጨረሻ ደረጃዎች እያንዳንዳቸውን በሁለት ከፍሎ ለሚሠራ ሰው 16 አልጎሪዝሞች ብቻ ይበቁታል፤ በእነዚህ 16 ብቻ ከ30 ሰከንድ በታች መውረድ እንደሚቻል ዛሬ ከራሴ ሰዓት አውቀዋለሁ። ጊዜው የሚባክነው በሁለተኛው ደረጃ፣ በጥንዶቹ ላይ ነው። በዚያ ደረጃ አራት ጊዜ ማዕዘን መፈለግ፣ አራት ጊዜ የርሱን ጠርዝ መፈለግ አለ፤ በየፍለጋው ሁለት ሁለት ሰከንድ እንኳ ቢጠፋ 16 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የማልጠራጠርበት መልስ፣ 57ቱን ለጊዜው ትቶ ጥንዶቹ ላይ እንዲከርም ነው። ጥንዶቹን ደግሞ 41ዱን ሁኔታዎች በቃል ይዞ ሳይሆን፣ ሁለቱ ቁራጮች እንዴት እንደሚለያዩና እንዴት እንደሚገናኙ በእጁ ላይ እያየ ቢማር ይሻለዋል።

መስቀሉም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል ነገር ብቻ አይደለም። ጀማሪ መስቀሉን ከላይ ሠርቶ ኪዩቡን ይገለብጠዋል፤ ያ መገልበጥ አንድ ሰከንድ ያህል ከመውሰዱም በላይ ዓይን ያየውን ሁሉ ያስረሳዋል። ከታች፣ ሳያዩት መሥራት ሲለመድ ግን ዓይን ነጻ ሆኖ ጥንዶቹን ይፈልጋል። የትኛውም መስቀል ቢበዛ በ8 ዙር ስለሚሠራ፣ ውድድር ላይ ኪዩቡን ለመመልከት በሚሰጠው 15 ሰከንድ ውስጥ ሙሉውን አስቦ ዓይን ጨፍኖ መሥራት ይቻላል። እኔ ይህን ለመልመድ ሁለት ወር ያህል በየማታው ከመተኛቴ በፊት አሥር አሥር መስቀል፣ በእርግጥም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሠርቻለሁ።

አሁን ወደ 31ዱ ሰከንዶች ልመለስ። ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ለሳምንት ያህል ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር፤ ፍንጩን ያገኘሁት ከኪዩብ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ቦታ ነው። አባቴ በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ በክረምት ዳዊት ሲያስነብበኝ፣ እርሱ ራሱ መልእክተ ዮሐንስን እንዴት እንደ ተማረ ይነግረኝ ነበር፤ መጀመሪያ በቁጥር፣ ማለትም በስንደዶ ፊደል በፊደል እየጠቆሙ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እያያያዙ እስከ ቁም ንባብ ድረስ። እኔ በየቃሉ መካከል ስቆም አይቆጣኝም፤ ቶሎ በል ብሎኝም አያውቅም። የሚለኝ ሌላ ነበር፤ «ምላስህ ላይ ያለውን ቃል ተወው፣ እሱ ታውቋል። ዓይንህ ቀጣዩን ይያዝ።» ለመፍጠን ስሞክር የበለጠ እደናቀፍ ነበር፤ ዝግ ብዬ፣ ዓይኔን አንድ ቃል አስቀድሜ ሳነብ ግን ንባቤ ሳይቆራረጥ እንደ ውኃ ይወርድ ነበር።

በኪዩብ ላይ የማደርገው ተቃራኒውን እንደ ሆነ ያኔ ተረዳሁ። አንዱን ጥንድ ወደ ጥጉ የሚያስገቡትን ሦስት አራት ዙሮች ጣቶቼ በደንብ ያውቋቸዋል፤ እኔ ግን ጥንዱ ቤቱ ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔን ከእርሱ ላይ አላነሳም ነበር። ከገባ በኋላ ቀና ብዬ፣ ኪዩቡን ወዲያና ወዲህ እያገላበጥኩ፣ የሚቀጥለውን መፈለግ እጀምራለሁ። ጣቴ ሲሠራ ዓይኔ ያርፋል፣ ዓይኔ ሲሠራ ጣቴ ይቆማል፤ ሁለቱ ተፈራርቀው ሲሠሩ የሁለቱ ጊዜ ይደመራል። ኪዩብ ፈቺዎች ይህን ከባድ ነገር «ወደፊት ማየት» ይሉታል። መድኃኒቱም ዝግ ማለት ነው። እጅ በጣም ሲፈጥን ቁራጮቹ ወዴት እንደ ሄዱ ዓይን መከተል ያቅተዋል፤ ዝግ ሲል ግን አንዱ ጥንድ እየገባ ሳለ ሌላው ማዕዘን ወዴት እንደሚሻገር ማየት ይቻላል።

ስለዚህ ስልኬ ላይ ለሙዚቀኞች የሚሆን የሜትሮኖም መተግበሪያ ጫንኩና በደቂቃ 60 ምት ላይ አደረግኩት። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ በየምቱ አንድ ዙር፣ ምንም ቢሆን አለመቆም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ አድካሚ ነበሩ፤ በዙርና በዙር መካከል ያለው አንድ ሰከንድ ረጅም ሆኖ ሳለ ዓይኔ ከለመደው ቦታ አልነሳ ብሎ ያስቸግረኛል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግን ከመስቀሉ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ምት ሳይዘለኝ የጨረስኩበት ቀን መጣ። ዙሮቹ 65 ነበሩ፤ የወሰደብኝም 65 ሰከንድ። ይህን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጽፌ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። እየተጣደፍኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ 58 ሰከንድ ይፈጅብኝ የነበረውን፣ በሰከንድ አንዴ ብቻ እያዞርኩ፣ እንደ ሽርሽር ተረጋግቼ በ65 ሰከንድ ጨርሼዋለሁ። በሰከንድ ሦስት ዙር ማዞር ለማንኛውም ጤነኛ ጣት ከባድ አይደለም፤ 60 ዙር በዚያ ፍጥነት ሳይቆም የሚሄድ ሰው በ20 ሰከንድ ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ምቱን ወደ 80፣ ወደ 100 እያሳደግኩ ሄድኩ፤ በቆምኩ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች እመልሰዋለሁ። በመጋቢት 41 ሰከንድ፣ በሰኔ 33፣ በመስከረም 28 ሰከንድ ደረስኩ። የጣት ልምምዱን ጨርሶ አልተውኩትም፤ ለምሳሌ ጣራውን በእጅ አንጓ ከማዞር በሌባ ጣት ገፋ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ኪዩቡንም ቀይሬያለሁ፤ ውጭ አገር የሚኖር ጓደኛዬ በውስጡ ማግኔት ያለበት፣ ወረቀት ያልተለጠፈበት፣ ፕላስቲኩ ራሱ ባለ ቀለም የሆነ ኪዩብ ይዞልኝ መጣ። ማግኔቱ እያንዳንዱ ዙር በትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይረዳል፣ ጥቂት የሲሊኮን ዘይት ጠብ ሲደረግበትም ያለ ድምፅ ይዞራል። ለሚጀምር ሰው ግን አስፈላጊ ነው አልልም። እኔ እስከ አንድ ደቂቃ የወረድኩት በዚያው በመርካቶው ኪዩብ ነው።

እኔና የእህቴ ልጅ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ በዓለም አቀፉ የውድድር ደንብ እንገጥማለን። ደንቡ ፍትሐዊ ስለ ሆነ እወደዋለሁ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አምስት ጊዜ ይፈታል፤ ከአምስቱ ፈጣኑና ዘገምተኛው ተሰርዘው የሦስቱ አማካይ ይያዛል፤ በዚህም የአንድ ቀን ዕድልም ሆነ የአንድ ጊዜ መደናቀፍ ብቻውን ውጤቱን አይወስንም። ሰዓቱ ሲቆም አንዱ ገጽ ከ45 ዲግሪ በላይ ተጣምሞ ከተገኘ 2 ሰከንድ ይጨመራል። እኔ ብዙ ጊዜ ይህ ቅጣት ይደርስብኛል፤ የመጨረሻውን ዙር ሳልጨርሰው እጄ ወደ ሰዓቱ ይሮጣል።

የዓለምን ሰዎች ሰዓት ከእኛ ጋር ማነጻጸር ተገቢ አይሆንም፤ ሆኖም ሁለቱን ማንሳት እፈልጋለሁ። በእ.ኤ.አ. 1982 በቡዳፔስቱ ሻምፒዮና ያሸነፈው ቬትናም ተወልዶ አሜሪካ ይኖር የነበረው የ16 ዓመቱ ሚን ታይ ሲሆን፣ ሰዓቱም 22.95 ሰከንድ ነበር። ያ ልጅ በዛሬው ኪዩብ ሳይሆን በዚያን ዘመኑ ደረቅ ፕላስቲክ፣ ቪዲዮም ሆነ ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ይህን ማድረጉን ሳስብ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ሁለተኛው አሜሪካዊው ማክስ ፓርክ ነው። በሕፃንነቱ ኦቲዝም እንዳለበት ሲታወቅና ጣቶቹን እንደ ልቡ ማዘዝ ሲያስቸግረው፣ ወላጆቹ እጁን ያለማምድልናል ብለው ከሰጡት ነገሮች አንዱ ኪዩብ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2017 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023 ደግሞ በ3.13 ሰከንድ ፈትቶ የጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። የዚያን ቪዲዮ በዝግታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የጣቶቹ ፍጥነት የሚደንቅ ነው፤ እኔን ግን ከዚያ በላይ የገረመኝ በሦስቱ ሰከንዶች ውስጥ እጁ ቆመ የሚባልበትን ቦታ ለይቼ ማግኘት አለመቻሌ ነው።

ባለፈው ወር ራሴን ዳግመኛ ቀረጽኩ። ሙሉ ሰዓቱ 26 ሰከንድ ከጥቂት ሲሆን እጄ የቆመው በድምሩ 6 ሰከንድ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ሦስተኛው ጥንድ ከገባ በኋላ፣ ሁለት ያህሉ ጣራው ላይ ያለውን ቅርጽ ለመለየት፣ የቀሩት እዚህና እዚያ የተበታተኑ ናቸው። ዛሬ 11ኛ ክፍል የደረሰውና በ14 ሰከንድ የሚፈታው የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ቪዲዮውን ሲያይ ሦስተኛው ጥንድ ላይ አስቆመው።

«አጎቴ፣ ይሄን ስታስገባ ዓይንህ የት ነበር?»

ወደ ኋላ መልሰን አየነው። የቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ነበር፤ እየገባ ያለው ጥንድ ላይ። አራተኛው ማዕዘን በዚያው ሰዓት ጣራው ላይ፣ ከፊት በግራ በኩል፣ በግልጽ እየታየ ያልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛውን ጥንድ የማስገባው ዓይኔን እዚያ ጥግ ላይ አሳርፌ ነው፤ ሜትሮኖሙም እንደገና ወደ 60 ተመልሷል።